አጥር የሌለው በር

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ሰኔ ሠላሳ ቀን ነው። ዓመቱን ተዉት። ዓመቱን ከነገርኳችሁ ያኔ ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደነበረ መገመት ትጀምራላችሁ። እኔ ደግሞ ሰው ለማሳጣት አልተነሳሁም። መልስ ፈልጌ ነው።

ለብዙ ሰው ሰኔ ሠላሳ ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነው። ልጅ ደረጃውን ይዞ ይሮጣል፣ ወላጅ ይስማል ወይም ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ክረምት ነው። የመንግሥት ቢሮ ለሚሠራ ሰው ግን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ነው። የተመደበልህን ገንዘብ እስከዚያ ቀን ካላወጣህ ወደ መጣበት ይመለሳል። አለቀ። አርባ ምንጭ፣ ቢሮዎቹ ባሉበት ሴቻ ላይ በሰኔ መጨረሻ ያለውን ሩጫ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» እያለ ባለጉዳይ ሲመልስ የከረመ ሰው ወረቀት ይዞ ቁልቁል ወደ ገበያው ሰፈር ወደ ሲቀላ ይበራል። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ እንኳ አይችልም፣ ባጃጅ ኮንትራት ይይዛል። የሲቀላ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴዎች በሰኔ ደንበኛ አይጠሩም። በር ላይ ወንበር አውጥተው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አንድ ቢሮ አውቃለሁ፣ በአንድ ሰኔ የገዛው የግድግዳ ሰዓት ከግድግዳው በልጦ ጥቂቱ መሬት ላይ ቀረ። ሌላው የእጅ መታጠቢያ ሳህን በብዛት ገዛ። ውኃ የለውም እኮ!

እኔ ይህን እያየሁ እስቅ ነበር። የተማርኩ ነኛ።

የተማርኩ ነኝ ስል በዋዛ አይደለም። ያኔ የአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ። ክረምት ክረምት ወደ ከተማ እየወረድኩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት አመራር እማራለሁ። ከደጋ የወረደ ሰው አርባ ምንጭ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጠዋት በሹራብ ይመጣል፣ ከሰዓት ሹራቡ ጭኑ ላይ ነው፣ ማታ የት እንደረሳው አያውቅም። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሌላው ሲያንቀላፋ እኔ እጽፋለሁ። በተለይ የትምህርት ቤት ፋይናንስ የሚባለውን ትምህርት። ጓደኞቼ በዚህ ትምህርት ይሰቃያሉ፣ እኔ እደሰታለሁ። ለምን? የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ መሆን እፈልግ ነበር። አልዋሽም። ኃላፊነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታቀድ፣ በምን ላይ እንደሚውል ማወቅ አለበት ብዬ አመንኩ። እንዲህ ያለ እምነት ነበረኝ።

ያስተማረን ዶክተር ከሰሜን የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገንዘብህ ለአንድ ሥራ ካልበቃ ሥራውን ግማሽ አድርገህ አታበላሸው፣ ለሁለት ዓመት አቅደው ይለናል። እኔ ይህን በቀይ አሰምርበታለሁ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ማርቆስ ግን አንቀላፍቷል። ማርቆስ የቆላ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፣ የአንድ ወረዳ ሰዎች ነን። ወረዳችን ግማሹ ሙዝ፣ ግማሹ እንሰት ነው። እሱ በሙዙ በኩል፣ እኔ በእንሰቱ በኩል። ማርቆስ ያን ክረምት የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ነቅቶ እጁን አወጣና፣ «ዶክተር፣ ገንዘቡ አጥር ለማጠር ካልበቃስ?» አለ። ዶክተሩ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ለሚበቃው ነገር ቅድሚያ ስጥ አለው። ማርቆስ እሺ ብሎ ተመልሶ ተኛ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ይህን ሳቅ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቴ ልውሰዳችሁ። ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ በኩል፣ ደመና ከሰው ጋር የሚተላለፍበት ከፍታ ላይ ነው። የአራተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። ያፈሳል ስል ጠብ ጠብ የሚል አይምሰላችሁ። ልጆቹ ለዝናቡ የእንሰት ቅጠል ይዘው ይመጣሉ፣ ክፍል ሲገቡም አያስቀምጡትም፣ ራሳቸው ላይ ይደፉታል እንጂ። መምህሩ ተማሪ የሚያስቀምጠው በቁመት አይደለም፣ በጠብታ ነው። ጥያቄ የመለሰ ልጅ ደረቅ ቦታ ይሸለማል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ቦታ ላይ ተቀምጣ ከረመች። እናቷ መጥታ ልጄን ለምን ከጓደኞቿ ለያችኋት ብላ ተቆጣችን።

በዚያ ዓመት ለጣሪያው ብለው በጀት መደቡልኝ። ገንዘቡ የጸደቀው ዘግይቶ ነው፣ ሲጸድቅ ደግሞ የቆርቆሮ ዋጋ ጨምሯል። ለግማሽ ጣሪያ ይበቃል። ግማሽ ጣሪያ ምንድን ነው? ዝናቡን ከዚህ ወደዚያ ማዞር ነው። ስለዚህ እንደ ተማርኩት አቀድኩ። ዘንድሮ የተመደበው ይቀመጥ፣ ወላጆች በበጋው እንጨት ያዘጋጁ፣ የከርሞው ሲጨመር ጣሪያው በአንድ ጊዜ ይመታ።

ይህን ለወላጆች የነገርኳቸው ዱቡሻ ላይ ነው። ዱቡሻ የማታውቁ ካላችሁ፣ የጋሞ ሰው የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው። ነገር የሚታየው እዚያ ነው፣ እርቅ የሚወርደው እዚያ ነው። እዚያ የተባለ ነገር ተባለ ነው፣ ቢሮ ውስጥ እንደሚባለው አይደለም። ተነስቼ ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው አዳመጡኝና፣ «መምህር፣ ገንዘቡ ይጠብቀናል ወይ?» አሉኝ። ዕቅድ ያለው ገንዘብ ለከርሞ የሚያዝ መስሎኛል፣ ይጠብቃል አልኳቸው። «ማን ነው የሚያስጠብቀው?» አሉ። እኔ አልኩ። አጨበጨቡልኝ እንዳልላችሁ፣ እዚያ አይጨበጨብም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ከጭብጨባ ይከብዳል። በሳምንቱ የባሕር ዛፍ ግንድ ከየቤቱ ተሸክመው መጥተው ትምህርት ቤቱ ግቢ ከመሩት።

ከዚያ ሰኔ ሠላሳ መጣ።

ጠዋት ካርድ ሰጥቼ፣ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በዚያ በሚያዳልጥ ጭቃ ወደ ሴቻ ወረድኩ። የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አስጠርቶኝ ነው። ሒሳቡን የያዙት እትዬ ብርሃኔ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፣ በሥራ ብዛት መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ መነጽር ይፈልጋሉ። «ልጄ፣ ያንተ ገንዘብ እንዳለ ተቀምጧል» አሉኝ። አዎ አልኩ በኩራት፣ ለከርሞ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ከርሞ የሚባል ነገር የለም፣ ዛሬ ይዘጋል አሉ። ያለህን ፕሮፎርማ አምጣና ግዛበት። ምን ልግዛ? አልኳቸው። ምንም ግዛ አሉኝ። እኔ የተማርኩት ሰው ምን ብል ጥሩ ነው? እትዬ፣ የመንግሥት ገንዘብ ምንም አይገዛበትም አልኳቸው። ወደ መጣበት ይመለስ፣ ለከርሞ በቅድሚያ እንዳገኝ በስሜ ይያዝልኝ። ያሉኝ ላይ ፈረምኩ። ሻይ አዘዙልኝ። ያኔ ያከበሩኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ሻይ ነበር የሰጡኝ።

ከዚያ በደስታ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ለራሴ አሳ ጋበዝኩ። ለመንግሥት ገንዘብ ያተረፈ ዳይሬክተር ስንት አለ? ቢያንስ የምስጋና ወረቀት ይደርሰኛል ብዬ የት እንደምሰቅለው ሁሉ አሰብኩ። አሳዬን ጨርሼ ስወጣ አመሻሹ ላይ ብረታ ብረት ሠሪዎቹ ሰፈር ግርግር አየሁ። ማርቆስ ነው። አይሱዙ ላይ በር ያስጭናል። በር ስላችሁ የቤት በር አይደለም። ሆቴል ሊከፍት ያሰበ አንድ ሰው አሠርቶ ሳይወስደው የቀረ ትልቅ የብረት በር። በሁለቱ ክንፍ ላይ ሁለት አዞ አፋቸውን ከፍተው ይተያያሉ። ከላይ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካው የራሱ የቆርቆሮ ክዳን አለው።

«ማርቆስ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «የትምህርት ቤታችን በር ነዋ!» አለኝ። አጥር አላችሁ እንዴ? አልኩት። የለንም፣ ይመጣል አለ። ሠራተኞቹ በሩ ከብዷቸው ሲያቃስቱ «ወንድሜ፣ ያዝ እስቲ ባንድ በኩል» አለኝ። ያዝኩለት። በገዛ እጄ በአዞው ጭራ በኩል ይዤ ጫንኩለት። እየሳቅኩ ነው ታዲያ።

ክረምት አልፎ ግምገማ ተጠራ። ሴቻ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ የወረዳው ዳይሬክተሮች ሁሉ አለን። ግድግዳው ላይ የትምህርት ቤቶች የበጀት አፈጻጸም ተለጥፏል። ማርቆስ መቶ በመቶ። አረንጓዴ። እኔ ቀይ። ቀይ እኔ ብቻ ነኝ። ለማርቆስ ተጨበጨበ፣ ወጥቶ ልምዱን እንዲያካፍል ተጋበዘ። ልምዱን አካፈለ። ምን ብሎ? ዋናው ነገር ቁርጠኝነት ነው ብሎ። እኔ ደግሞ ድክመትህን አምነህ ለከርሞ አስተካክል ተባልኩ። የከርሞው በጀት ሲመጣ ለእኔ ትምህርት ቤት የጣሪያ የሚባል ነገር የለበትም። ሄጄ ጠየቅኩ። አምና የተሰጠህን አልተጠቀምክበትም፣ አያስፈልግህም ማለት ነው አሉኝ። ጣሪያው እኮ ያፈሳል አልኩ። ያፈስ ከነበረ ለምን መለስከው? አሉኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ለዚህ ምን ይባላል?

ብዙም ሳይቆይ የወረዳው ትምህርት ኃላፊነት ቦታ ተለቀቀ። ውድድር ነው ተባለ። እኔ ዲግሪዬን ይዣለሁ፣ የፋይናንሱ ትምህርት ላይ ኤ አለኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰዎቹ ተደርድረዋል። ስለ ትምህርት ጥራት ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ዕቅድ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ዳር ላይ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ፣ ገንዘብ የመለስከው አንተ ነህ አይደል? አለኝ። ነኝ አልኩ። «ታዲያ አሁን ወረዳውን ብንሰጥህ ወረዳውንም ትመልሰዋለህ?» አለ። የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ታዲያ ያን ቀን ምን መግዛት ነበረብኝ? ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁን ጨርሰው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

ኃላፊ የሆነው ማርቆስ ነው። እኔን ደግሞ ከደጋ አወረዱኝና በእሱ ሥር የዕቅድና በጀት ባለሙያ አደረጉኝ። በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ለሌላው ዳይሬክተር ሁሉ «ገንዘብህን ቶሎ አውጣ» እያልኩ የምደውለው እኔ ነኝ። ሰኔ ሲገባ መቀመጥ አልችልም። ከሴቻ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ሴቻ፣ በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ በባጃጅ እወጣለሁ። ባለቤቴ፣ አንተ ሰውዬ ምን ነክቶህ ነው እግርህ አንድ ቦታ የማይቆም ትለኛለች። ምን ልበላት?

በነገራችን ላይ ዶክተሩን አንድ ቀን ሲቀላ መናኸሪያ አገኘሁት። ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። አስታወሰኝ፣ አንተ ኤ ያገኘኸው ልጅ አይደለህም? አለኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። በትምህርቱ በኩል ትክክል ነህ አለኝ። ታዲያ ለምን እንዲህ ሆንኩ? አልኩት። ዓይኑን ሲገልጥ አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ነው። ሻንጣውን ይዞ ሮጠ። በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ።

ወደ በሩ ልመልሳችሁ። በሩ ተተክሏል። ሜዳ መሀል፣ አጥር የለው፣ ግድግዳ የለው፣ ለብቻው ቆሟል። ግራና ቀኙ ክፍት ነው። ላም በግራ በኩል ታልፋለች፣ ሙዝ የጫነ አህያ በቀኝ በኩል ያልፋል። በር ካለ ደግሞ ጥበቃ አለ፣ ጋሽ ሻንቆ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀጠሩ። ማታ ይቆልፉታል፣ ጠዋት ይከፍቱታል። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ከበሩ ፊት ቆሞ ያንኳኳል። ጋሽ ሻንቆ ከውስጥ «ማነው?» ይላሉ። ልጁን እኮ በጎን በኩል ያዩታል! ዝንጀሮ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል።

አንድ ቀን ከክልል ጎብኚዎች መጡ። ማርቆስ በዚያ በር ስለሚኮራ መጀመሪያ እዚያ ወሰዳቸው። እኔም ሪፖርቱን ታቅፌ ከኋላ ነኝ። በሩ ተቆልፏል። ጋሽ ሻንቆ ለቅሶ ሄደዋል። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። በግራ ሜዳ ነው፣ በቀኝ ሜዳ ነው፣ መኪናው ትንሽ ቢጠመዘዝ ግቢው ውስጥ ነው። ሾፌሩ ላዙር? አለ። ማርቆስ ቆጣ ብሎ፣ የመንግሥት እንግዳ በር እያለ እንዴት በጎን ይገባል! አለው። እንግዶቹም ልክ ነው አሉ። ፀሐይ ላይ ቆምን። ፍየሎች እያለፉን ገቡ። ጋሽ ሻንቆ ተጠርተው በሩጫ መጡ፣ ይቅርታ ጌቶች አሉ፣ በጎን ዞረው ገቡና ከውስጥ ከፈቱልን። ገባን። ተጨበጨበ።

እንዲያ ቆመን ስንጠብቅ ነው ማርቆስ የነገረኝ። በክፋት አይደለም፣ እንደ ውለታ ነው የነገረኝ። ትከሻዬን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ በር እኮ ያንተ ነው» አለኝ። እንዴት? አልኩት። ያን ሰኔ ሠላሳ አንተ ፈርመህ እንደወጣህ ከፋይናንስ ተደወለልኝ አለ። የደጋው ሰውዬ ገንዘቡን ትቶታል፣ ወደ ላይ ከሚመለስ ወረዳው ውስጥ ይዋል፣ እጅህ ላይ ፕሮፎርማ አለ? አሉኝ። ለአጥሩ የሚበቃ አልነበረም፣ ለበሩ ግን በቃ። «ዶክተሩ ያስተማረንን ረሳኸው እንዴ? ለሚበቃው ቅድሚያ ስጥ!» አለና ሳቀ።

ቀና ብዬ የበሩን ክዳን አየሁ። ቆርቆሮ ነው። ጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ጠብታ አያስገባም። ሥሩ አንድም ልጅ አልተቀመጠም። የአራተኛ ክፍል ጣሪያ ቆላ ወርዶ ለሁለት አዞ ጥላ ሆኗል። ተሸክሜ የጫንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እናንተ አሁን ሹመቱ ነው የሚያንገበግበው ትላላችሁ። ሹመቱም ያንገበግበኛል፣ አልክድም። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ አይደለም። ወደ አሁኑ ሥራዬ ከመዛወሬ በፊት ዱቡሻ ላይ ቀርቤ ነበር። ሽማግሌው ገንዘቡ ጠበቀን ወይ? አሉኝ። ተመልሷል አልኩ። የት? አሉ። አላውቅም አልኩ። ሌባ አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፣ እከራከር ነበር። «እንግዲያው ሄደህ ጠይቅና ና፣ ቦታህ ክፍት ነው» አሉኝ። ግንዱ አሁንም ግቢው ውስጥ ተከምሯል፣ ምስጥ እየበላው ነው። በዚያ መንገድ ለሥራ ስወጣ ከመኪና አልወርድም። የአራተኛ ክፍል ልጆች የእንሰት ቅጠላቸውን ይዘው ሲገቡ በመስኮት አያለሁ።

አሁን እንግዲህ የት እንደሄደ አወቅኩ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው? ጣሪያችሁ ቆላ ላይ በር ሆኖ ቆሟል፣ የሚያጥረው ነገር ግን የለም ልበል? ይህን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ተናጋሪው እኔ መሆንስ አለብኝ?

ስለዚህ ማርቆስ፣ አሁን ዞን ገብተሃል፣ ወንበርህም ከፍ ብሏል፣ በአካል ስመጣ ስብሰባ ላይ ነህ እባላለሁ፣ በስልክ ስደውል አታነሳም። ወፍራሙ ሰውዬም የትም ብትሆን ይህን ታነበዋለህ። ያን ቀን ምን መግዛት ነበረብኝ ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ወረቀታችሁን ሰብስባችሁ ወጣችሁ። እኔ ግን ጥያቄዬን አልሰበሰብኩም። ጋሽ ሻንቆ እንኳ አጥር በሌለው በር ላይ ሲንኳኳ ማነው ይላሉ። እናንተ ይህን ሁሉ ዓመት ሳንኳኳ ማነው እንኳ አላላችሁም።

ለእኔ መመለስ ካልፈለጋችሁ ተዉት፣ ለሽማግሌዎቹ መልሱላቸው። ደጋ ውጡና ዱቡሻው ላይ ቁሙ፣ ጣሪያቸው የት እንደሄደ በአፋችሁ ንገሯቸው። ቁልፍ የሚይዝ የለም፣ ጥሩምባ መንፋትም አያስፈልግም። ዱቡሻ በር የለውም። በፈለጋችሁት በኩል ግቡ።